ማንም ያልሳበው ምላጭ

ካኛዳ ሴካ፣ ማርች 11 ቀን 1956

ለአበ ልጄ ለዶን ፌሊክስ ኡንሱዌታ
ቬራክሩስ፣ ሜክሲኮ

ብዕሩን የያዘችው የኒካሲዮ ሚስት ዶሚቲላ ናት። ሚስት ያልኩት አፌ ስላልለመደ ነው፤ አሁን መበለቱ ናት። እኔ ሲክስቶ ማርሞሌሆስ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ብሳደብም፣ ብስልም፣ ከአፌ የወጣውን ሁሉ እንዳለ አስፍሪው ብያታለሁ። መነኮሳት ያሳደጉት እጅ ነው፣ አይዋሽም።

እንዴት ሰነበትክ? ያ የማይለቅህ ሳል እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን እንዳልል ደብዳቤ በውሸት አይጀመርም። ይህን ወረቀት በመንገድ ከፍቶ ለሚያነበው ጌታም ሰላምታዬ ይድረሰው። እንጀራው ነው፣ አልቀየመውም። ሲጨርስ ግን ደህና አድርጎ ይለጥፈው፤ ያለፈው ደብዳቤህ አፉን ከፍቶ ዝናብ ጠጥቶ ነው የደረሰኝ።

የሰማሁት እውነት ነው ወይ ላልከው፣ እውነት ነው። ኒካሲዮ ሞቷል። ይህን የምትጽፍልህ እጅ ናት ዓይኑን የከደነችው።

ምነው በሌላ ሰው ባስጻፍክ ትለኝ ይሆናል። መምህሩን ጠየቅሁት። «ዶን ሲክስቶ፣ እኔ እኮ የልጆች አባት ነኝ» አለኝ። «እኔስ የዶሮ አባት ነኝ?» ብዬው ወጣሁ። ቄሱ ጸልይ አለኝ። ከዚያ ይህቺ ልጅ ጥቁሯን እንደለበሰች መጥታ አናጢ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔ እጽፍልዎታለሁ» አለችኝ። በባልሽ ሞት የታሰረው ልጄ ነው፣ ምን ልትሆኚ ነው አልኳት። «እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች።

አንተ ሻንጣህን ይዘህ፣ የክርስትና ልጅህን እንኳ ሳትስማት ከሄድክ በኋላ፣ የመሣሪያ ፋብሪካው ኮሎኔል አንተ የሠራኸው መትረየስ በረጅም ተኩስ ይፈተን አለ። በኦገስቱ በዓል አገሩን ለሚገዛው ለትልቁ ጌታ ይታያል ተብሎ ጥድፊያ ነው። እንደ ወትሮው የሚተኩሰው ልጄ ኤልፒዲዮ ነበር። እንደ ወትሮው ከዒላማው ሥር ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ወረቀቱን የሚለውጠው ኒካሲዮ ነበር። ተኩሱ እየተንጣጣ ሳለ የአዋላጇ የማማ ቼፋ ሬሳ በመቃብሩ መንገድ ብቅ አለ።

አገራችንን ታውቀዋለህ። ሬሳ ሲያልፍ መጋዝ ይቆማል፣ ቁማር ይቆማል። እግዜር የለም የምትለው አንተ እንኳ ባርኔጣህን ታወልቅ ነበር። ኤልፒዲዮ ተኩሱን አቆመ። መቶ አለቃው፣ ወታደሩ፣ ሠራተኛው፣ ሁሉም ተነስቶ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ መሬት አቀረቀረ። ኒካሲዮስ? ከእናቱ ማህፀን ጎትታ ያወጣችው ሴት በትከሻ ስታልፍ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥ? ተኩሱ ቆሟል ብሎ ወጣ፤ ዒላማው ፊት ቆመ፤ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አደረገ።

ያኔ መትረየሱ ተኮሰ። አንዲት ብቻ።

የኤልፒዲዮን እጅ ያየ ሰው የለም። ሁሉም ያቀረቀረ ነው። የሬሳው ተሸካሚዎች እንኳ እግራቸውን ነው ያዩት። ይህቺ ልጅ ከቀብረኛው ጋር ነበረች። ዶሚቲላ፣ አንቺ ያየሽውን በራስሽ ቃል ጻፊው።

እኔ ባሌን ነው ያየሁት። ፈገግ አለልኝ። ሌላ ሰው አላየሁም።

እንግዲህ ልጄ የምሽጉ ወህኒ ውስጥ ነው። ኮሎኔሉ «ብረት ነፍስ የለውም፣ ማንም ሳይስበው አይተኩስም» ይላል። በዶሮ ግጥሚያ ተጣልተው ነበር፣ ቂም ነው ይላል። መጣላቱንስ ተጣልተዋል፤ በዚህ አገር በዶሮ ያልተጣላ ወንድ ካለ ሴት ነው። ፍርዱ በሴፕቴምበር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ነው የሚሉት።

እኔ የእንጨት ሰው ነኝ። ሰደፉ የእኔ ነው፣ ብረቱ ያንተ ነው። ስለ ሰደፉ ጠይቀኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እመልስልሃለሁ። እኔ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ፦ ያ መትረየስ ማንም ሳይነካው ይተኩሳል ወይስ አይተኩስም?

አበ ልጅህ ሲክስቶ
(የጣቱ ምልክት)


ካኛዳ ሴካ፣ ሜይ 20 ቀን 1956

አበ ልጄ ፌሊክስ፣

እጁ ያው የዶሚቲላ ነው። ደብዳቤህ ደረሰ። ደግመሽ አንብቢልኝ አልኳት፤ መልሱ ከመስመር መሃል ሾልኮ ወድቆ እንደሆነ ብዬ። አልወደቀም፤ መጀመሪያም አልነበረበትም።

የቬራክሩስ ዓሣ መጣፈጡን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። የክርስትና ልጅህ ደህና ናት፤ ልብስ ስፌት ጀምራለች፣ ጣቷን ትወጋለች። የማሆጋኒው እንጨት ዘንድሮም ከተራራው እየወረደ ነው፣ ግን እርጥብ ነው። ዝናቡም ገብቷል። ይኸው፣ የጠየቅኸኝን ሁሉ መለስኩልህ። አንተስ?

ደግሞ ምን አድርጌህ ነው «እርስዎ» ያልከኝ? ልጄን ክርስትና ያነሳህ ቀን ነው አንተ መባባል የጀመርነው። ሰው አበ ልጁን እርስዎ የሚለው ሲርቀው ነው ወይ ሲፈራው ነው።

ኤልፒዲዮ ራሱ ምን ይላል ላልከው፣ ይህ ቁም ነገር ስለሆነ እመልሳለሁ። እሁድ እሁድ ያስገቡኛል። የተቀቀለ ሙዝና የተጠበሰ አይብ ይዤለት ገባሁ። በግራ እጁ ነው የሚበላው። ምነው ቀኝህ ታመመ አልኩት። «አባባ፣ ጣቴ የት እንደነበረ አላውቅም» አለኝ።

«ባርኔጣህን አውልቀሃል አይደል?»

«አውልቄያለሁ።»

«በየትኛው እጅህ?»

«ይኸው እኮ ነው፣ እሱን ነው የማላውቀው» አለ። ከዚያ ቀኝ እጁን የሰው ዕቃ ይመስል ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያየው ጀመር። አበ ልጄ፣ ልጄ ቢገድል ገደልኩ የሚል ነው። ባይገድል አልገደልኩም ይላል። አላውቅም ሲል ግን ሰምቼው አላውቅም። ፍርዱ ሳይደርስ እሱ ራሱ በራሱ ላይ ሊፈርድ ነው።

ከተማው ፈርዶ ጨርሷል። ማማ ቼፋ ናት የተኮሰችው ይላሉ። «ሁለቱንም ያዋለደች እሷ፣ አንዱን ለመንገዷ ጠራችው» ይላሉ። መትረየስ ከሆነ ለምን አንዲት ብቻ ተኮሰ? የሙት ጣት ስለሆነ ነው፣ ሙት ሁለተኛ ለመሳብ ጉልበት የለውም ይላሉ። መሣሪያው ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል፤ የሚጠብቀው ወታደር ወንበሩን እያራቀ እያራቀ አሁን ማንጎው ዛፍ ሥር ደርሷል። በሩ ላይ ሻማ የሚያበራም አለ። ኮሎኔሉ ይረግጠዋል፣ በማግስቱ ሌላ ይበራል።

እኔ ሙት አልፈራም። ሬሳ ሣጥን ሠርቼ ነው ልጆች ያሳደግሁት። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ትዝ ይልሃል ሰደፉን ስንሠራ? የመጀመሪያው መሣሪያህ የውስጥ ሞላውን እየሰበረ ይተፋ ነበር። ሁለተኛው እሳቱን በተኳሹ ዓይን ላይ ያነጥስ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ከብረቱ ጋር እርቅ አወረድህና ወደ እኔ መጣህ። ኤልፒዲዮን አጋደምነው፣ ጉንጩን አስደገፍነው፣ እኔ በመሮ እየቀነስኩ ለፊቱ የሚሆን ጎድጓዳ አወጣሁ። ፋብሪካው ያንን ሰደፍ አሁን እያባዛው ነው። ባለፈው ሳምንት ገብቼ አየሁት፤ በየመደርደሪያው ላይ የልጄ ጉንጭ ቦታ ባዶውን ተሰልፏል። እጄን አንዱ ላይ አሳረፍኩና ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ መላጊያ አላነሳሁም።

ያን ቀን የአገዳ አረቄ ይዘህ መጥተህ «ሲክስቶ፣ ሁለት ጸባይ ያለው ልጅ ወለድኩ» አልከኝ። «አንድ ስትለው እንደ ጠመንጃ ነጥሎ ይመታል፣ ብዙ ስትለው እንደ ዝናብ ያወርደዋል» አልክ። ዘለልክ እንጂ አልጨፈርክም፣ ጭፈራ አትችልም። ልጅህን የምታውቀው አንተ ነህ። ስለዚህ ንገረኝ።

ዶሚቲላ የራሷን አንድ መስመር ልጨምር ትላለች። ጨምሪ።

ዶን ፌሊክስ፣ ባሌን ሰው ነው የገደለው ወይስ ሰው አይደለም? ለማን እንደምጸልይ አውቃለሁ። ማንን እንደምጠላ ነው ያላወቅሁት።

ሲክስቶ
(የጣቱ ምልክት)


ቬራክሩስ፣ ጁላይ 2 ቀን 1956

ለአበ ልጄ ለሲክስቶ፣ ለወይዘሮ ዶሚቲላም፣

አንተ እያልኩ እጽፋለሁ፤ ተግሣጽህ ገብቶኛል። ስለ ዝምታዬ ይቅርታ የምለው ነገር የለኝም። ወረቀቱን አራት ጊዜ ጀምሬ በዓሣ ጨረስኩት።

አዎ። ማንም ሳይነካው ይተኩሳል።

ምክንያቱ ይኸውልህ። ብዙ ሲተኩስ ብረቱ እንደ ምድጃ ይግላል። ሌሎች መትረየሶች ምላጩ ሲለቀቅ መዝጊያቸው ወደ ኋላ ቀርቶ ክፍት ያድራሉ፤ የጋለው ብረት ውስጥ ጥይት አይተኛም፣ ነፋስ ይገባበታል። የእኔ ግን ተኩሱ ሲቆም አዲስ ጥይት አጉርሶ ይዘጋል። እንዲያ ያደረግሁት የመጀመሪያዋ ጥይት ሳትነቃነቅ ዒላማዋን እንድትመታ ነው። እሷን እወዳት ነበር። ታዲያ ያቺ የተጎረሰች ጥይት ምድጃው ውስጥ ትቀመጣለች። ወዲያው ካወጧት ምንም አይደለም። ከቆየች ባሩዱ በሙቀቱ ብቻ ይቀጣጠላል። አንዲት ብቻ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ የሚቀጥለውን ምላጩ ይይዘዋል። ሙት አይደለም፣ ሲክስቶ። ቢሆን በወደድኩ።

እኔ አይቼው ነበር። ሰው በሌለበት እሁድ ብቻዬን ስሞክረው፣ ውሃ ልጠጣ ዞር ባልኩበት ከኋላዬ ተኮሰ። ለኮሎኔሉ ነገርኩት፣ መዝጊያው ክፍት የሚያድርበትን አዲስ ሥዕልም ሰጠሁት። ከበዓሉ በኋላ አለኝ። ተከራከርኩ፤ ስደተኛ መሆኔን ያውቃልና ፓስፖርትህ የት ነው አለኝ። ሄድኩ። የተኩስ ሜዳው ላይ ያሉትን ሰዎች ግን ሳልነግራቸው ነው የሄድኩት። ወይዘሮ ዶሚቲላ፣ የጠየቁኝ ጥያቄ መልስ ካለው እሱ ነው።

መሞከር ለሚፈልግ፦ ሳያሳርፍ የጥይት ካዝና በካዝና ላይ እየለወጠ ይተኩስ፣ ጥይት ሳያልቅበት ያቁም፣ እጁን ያንሳ፣ ከፊቱ ሰው አይኑር፤ ይጠብቅ።

ይህን ደብዳቤ በመንገድ ለሚከፍቱት ጌታም አንድ ቃል አለኝ። በኦገስቱ በዓል ዘበኞቹ ረጅም ተኩስ ተኩሰው ያሳያሉ። ትልቁ ጌታ ደግሞ ተኩሱ እንዳበቃ ወደ ፊት ተራምደው ዒላማውን በዓይናቸው ማየት ይወዳሉ። የቀረውን ለአለቃዎ ያስረዱ።

ፌሊክስ


ካኛዳ ሴካ፣ ኦገስት 26 ቀን 1956

አበ ልጄ፣

ዛሬም ዶሚቲላ ናት የምትጽፈው። ሌላ ሰው ፈልግ ብትለኝ ኖሮ አልፈልግም ነበር፤ ዛሬ የግድ እሷ መሆን አለባት።

ጤናህን ይስጥልኝ። ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል አቁመዋል። አውሎ ነፋሱ የቄሱን ቤት ጣራ ወስዶ የኮሎኔሉን ተወው፤ እግዜርም ሰው ያውቃል። የክርስትና ልጅህ ለራሷ ቀሚስ ሰፋች፣ አንደኛው እጅጌ ረዝሟል፣ እኔ ግን ቆንጆ ነው ብያታለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በሌላ ሙጫ ተለጥፎ ነው። እኔ ሳላነበው ኮሎኔሉ አንብቦታል። የልጄን እንባ ያላየ ሰው የራሱን አንገት ሲያይ ጊዜ እንዴት ይሮጣል መሰለህ! በማግስቱ ፈተናው ይደረግ ተባለ። እኔም ተጠራሁ። ኤልፒዲዮን በሁለት ወታደር መሃል፣ እጁን ወደ ኋላ አስረው አመጡት።

ተኮሱ፣ አቆሙ፣ ሁሉም ሸሸ። ጠበቅን። ምንም። ኮሎኔሉ ሲጋራ ለኮሰና «ምነው፣ ሙቷ ዛሬ አኮረፈች?» አለ። ወታደሮቹ ሳቁ፤ አለቃ ሲቀልድ መሳቅ ግዴታ ነው። «ያ ስደተኛ ጓደኛህ ዓሣ በልቶ ሲሰክር የጻፈው ተረት ነው» አለኝ። እኔም «ሲጋራዎን ይጨርሱ» አልኩት።

አልጨረሰውም፤ መትረየሱ በራሱ ተኮሰ።

ሜዳው ላይ ማንም አልነበረም። ወታደሮቹ አማተቡ። ኤልፒዲዮ ተንበረከከ፣ የታሰሩ እጆቹን ከጀርባው ለማየት አንገቱን ያጣምም ነበር። ይህን አይቼ ነው ያለቀስኩት፤ አለቀሰ ብለህ ለሰው ባትነግር ደስ ይለኛል።

አሁን ቤት ነው ያለው። ይተኛል፣ ይነሳል፣ መሮዬን ይስላል። በግራው ነው የሚበላው ገና። ትናንት «አባባ፣ ራሱ ይተኩሳል ማለት፣ ያን ቀንም ራሱ ነው የተኮሰው ማለት ነው?» አለኝ። ዝም በልና ብላ አልኩት። ሌላ መልስ ካለህ ላክልኝ።

በዓሉ አለፈ። መትረየሱ አልወጣም። እንዳንተ ሥዕል መዝጊያውን ይለውጡታል ይባላል፣ ሥዕሉ ግን ያንተ ነው አይባልም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ። ይህን የምነግርህ አንተ ማወቅ ስላለብህ አይደለም። ፊት ለፊት ልነግረው የሚገባኝ ሰው አለ፤ ልነግር በተነሳሁ ቁጥር ምላሴ እንጨት ሆነብኝ። ላንተ ስናገር ግን የሚጽፍ ሰው አለ።

ኤልፒዲዮን ከመፍታታቸው በፊት ኮሎኔሉ ቢሮው አስገባኝ። ልጄ ከበሩ ውጭ ነበር፣ የሰንሰለቱን ድምፅ እሰማለሁ። «ሲክስቶ» አለኝ፣ «ሞት ባለቤት ይፈልጋል። መሣሪያው ጥፋተኛ ነው ማለት አይቻልም፣ መሣሪያው የትልቁ ጌታ ነው። ልጅህም አይደለም እንበል። ታዲያ ማን ቀረ?» ወረቀት አነበበልኝ። ኒካሲዮ ጠጥቶ ነበር ይላል። ጠጥቶ፣ ያለ ትእዛዝ ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ራሱ መሣሪያው ፊት ገባ ይላል። ምስክር ያስፈልገዋል፣ የከተማው ሰው የሚያምነው ሽማግሌ። «ጣትህን አሳርፍና ልጅህን ይዘህ ግባ» አለኝ።

አሳረፍኩ።

ዶሚቲላ፣ ብዕሩ ቆመ። ጻፊ። ያልኩትን እንዳለ ጻፊ፣ ቃላችን እንዲያ ነው።

ትጠይቀኛለች። «አባባ ሲክስቶ፣ ጣትዎን ሲያሳርፉ እጅዎ ተንቀጠቀጠ?» ትለኛለች። አልተንቀጠቀጠም። አልተንቀጠቀጠም ብለሽ ጻፊ። ዛሬም በር ላይ ሰንሰለቱን ብሰማ አሳርፋለሁ። ይህንንም ጻፊ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያ ወረቀት ኒካሲዮን ይዞታል። ስለዚህ እኔም በሌላ ወረቀት ልያዝ። ይህን በመንገድ የምትከፍተው ጌታ፣ ተጠግተህ አንብብ፣ ለኮሎኔሉም ውሰድለት፦ እኔ ሲክስቶ ማርሞሌሆስ የመሰከርኩት ሐሰት ነው። ኒካሲዮ አልጠጣም ነበር። ከጉድጓዱ የወጣው ሬሳ ሲያልፍ ስለማይቀመጥ ነው። ማንም ሰው ቢሆን፣ እናቱ ካሳደገችው፣ ያንኑ ያደርግ ነበር። ዶሚቲላ፣ ይህን ከሌላው አጉልተሽ ጻፊው።

ይህ ደብዳቤ ከሄደ ልጄን መልሰው ሊወስዱት ይችላሉ። እኔንም። አውቃለሁ፤ ኤልፒዲዮም ያውቃል፣ ዛሬ ጠዋት ነግሬዋለሁ። «እሷ ትወስን» አለኝ። በቀኝ እጁ የበር መዝጊያውን ይዞ ነበር ሲለኝ።

ፖስታ ቤት የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ብትለጥፊው ጣቴ ከሥሩ አለ። ብትቀዳድጂው አልጠይቅሽም፣ እኔም ሆንኩ ልጄ ደጅሽን እንደ በፊቱ እንጠርጋለን። ይቅር በይኝ ብዬ አላስጽፍሽም፤ የራስሽን ይቅርታ በራስሽ እጅ ማስጻፍ ነውር ነው።

ጨርሻለሁ፣ አበ ልጄ። ሳልህን ታከመው።

አሁን ልጄ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ የባልሽ ስም ያለበት ጋ አትዝለዪ።